«እንደ ሁኔታው» ከተባልን ሠራተኞች ለቀጣሪ ድርጅታችን የሥራ አመራር ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ሐምሌ 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለድርጅታችን ዋና መሥሪያ ቤት የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢና አባላት

ጉዳዩ፦ በካርቱም ቅርንጫፍ ስንሠራ በሁከቱ ዓመታትና ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ የደረሰብንን በደል ስለ መግለጽና ከመመለሳችን በፊት እንዲስተካከሉ የምንጠይቃቸውን ነገሮች ስለ ማቅረብ

ክቡራንና ክቡራት፣

አክብሮታዊ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ባለፈው ሰኔ ወር ከሰው ኃይል አስተዳደር ክፍላችሁ በኢሜይል የደረሰን ደብዳቤ፣ ድርጅቱ በፖርት ሱዳን ጊዜያዊ ቢሮ ከፍቶ የተቋረጡትን ሥራዎች እንደሚቀጥል ገልጾ፣ ቀደም ሲል በካርቱም ስንሠራ የነበርን ኢትዮጵያውያን «በቀድሞው የቅጥር ሁኔታ» ለመመለስ ፈቃደኛ መሆን አለመሆናችንን በ15 ቀን ውስጥ እንድናሳውቅ ይጠይቃል። ለመሥራት ፈቃደኞች ነን፤ ከመካከላችን እስካሁን ቋሚ ሥራ ያላገኘ አለ፣ ሙያችንንም ያጠናከርነው እዚያው ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን «በቀድሞው የቅጥር ሁኔታ» የምትለዋ አጭር ሐረግ ናት። ያ የቅጥር ሁኔታ በሰላም ቀን ምን እንደሚመስል ከውሉ ላይ ልታነቡት ትችላላችሁ፤ ከተማ ሲታወክ ምን እንደሚመስል ግን በወረቀት ላይ የለም፤ ስለዚህ የኖርንበት ሰዎች ልንነግራችሁ ይገባል።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግነው ወደን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አንድ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ደብዳቤ በውስጥ መስመር ልከን፣ ለመጀመሪያው «ደርሶናል» የሚል የአንድ መስመር መልስ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ዝምታ አግኝተናል። የድርጅቱን ስም እዚህ ያልጻፍነው አሁንም በእናንተ ደመወዝ የሚተዳደሩ ሱዳናውያን ባልደረቦቻችንን ላለመጉዳት ነው፤ ደግሞም የምንናገረው አሠራር የአንድ ድርጅት ብቻ እንዳልሆነ በመተማ መንገድ ላይ ካገኘናቸው የሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሰምተናል።

እኛ 11 ሰዎች ነን። የጄኔሬተር ቴክኒሻን፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሻኖች፣ ሾፌር፣ ገንዘብ ያዥ፣ እንዲሁም ይህን ደብዳቤ የማዘጋጀው የሒሳብ ሠራተኛ እገኝበታለሁ። አንዳንዶቻችን ለሁለት፣ አንዳንዶቻችን ለዘጠኝ ዓመት በካርቱም ኖረናል። ውላችን የሚጠራን «በአካባቢው የተቀጠረ የውጭ ዜጋ» ብሎ ነው። ድርጅቱ ሠራተኞቹን በሦስት ዓምድ ይጽፋል፦ በመጀመሪያው ዓምድ ከዋና መሥሪያ ቤት የመጡ ዓለም አቀፍ ሠራተኞች፣ በሁለተኛው የአገሩ ተወላጆች፣ በሦስተኛው እኛ። ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመውጫ ቪዛና ለፖሊስ ፍተሻ ሲሆን የውጭ ዜጎች ነን፤ ለደመወዝ፣ ለመኖሪያ ቤት፣ ለሕክምናና ለጥበቃ ሲሆን ደግሞ የአካባቢ ቅጥር እንባላለን። ቅሬታችን ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ስለሆነ፣ ከታች የምንዘረዝረውን ስታነቡ ይህን ዓምድ አትርሱብን።

ችግሩ በጦርነቱ አልተጀመረም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በአትባራ ከተማ የዳቦ ዋጋ ከ1 ፓውንድ ወደ 3 ፓውንድ በማሻቀቡ የተነሣው ተቃውሞ ካርቱም ከገባ ወዲህ፣ የምንኖርበት ከተማ ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ሙሉ ሰላም አላየም። ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ኦማር አል በሽር ከሥልጣን ተወገዱ፤ ግንቦት 26 ቀን በጦር ኃይሉ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሕዝብ በጥይት ተበተነ፤ በዚያው ዕለትም ኢንተርኔት ተቋርጦ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። ያን ጊዜ ሪያድ ሠፈር በሚገኘው የዓለም አቀፍ ሠራተኞች መኖሪያ የሳተላይት ኢንተርኔት ነበረ። ገንዘብ ያዣችን ደብረ ብርሃን ያሉት እናቷ «ልጄ ሞታለች» ብለው ለቅሶ ሊቀመጡ መሆኑን ከጎረቤት ሰምታ፣ በሕይወት መኖሯን ለማሳወቅ ለአሥር ደቂቃ እንድትጠቀም በጽሑፍ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ መስመሩ ለመጀመሪያው ዓምድ ሠራተኞች ደኅንነት የተመደበ ነው የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያው ሌሊት ከውጭ የመጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ደንቡን ጥሶ የራሱን ስልክ ሰጥቷታል፤ ምስጋናችን ለእሱ ነው፤ በደንቡ ግን የተፈቀደ ነገር አልነበረም።

ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት በጦሩ ከተገለበጠ በኋላ የተቃውሞ ሰልፍ የሳምንቱ አካል ሆነ። የሰልፉ ቀን አስቀድሞ ስለሚታወጅ፣ የጸጥታ ኃይሎች ከዋዜማው ጀምረው በክሬን የጭነት ኮንቴይነር እያነሱ በድልድዮች ላይ ይደረድሩ ነበር። ካርቱምን የማያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ካርቱም፣ ባሕሪና ኦምዱርማን በሁለቱ ዓባዮች የተከፋፈሉ ሦስት ከተሞች ናቸው፤ ድልድይ ሲዘጋ ባልና ሚስት፣ ሠራተኛና መሥሪያ ቤት ይለያያሉ። በሰልፉ ዋዜማ ማታ ለመጀመሪያው ዓምድ ሠራተኞች «ነገ ከቤት እንዳትወጡ» የሚል መልእክት ይላክ ነበር። ለሁለተኛው ዓምድ የሰልፍ ቀን እንደ ፈቃድ ይቆጠር ነበር፤ መከልከሉም አያዋጣም ነበርና። ለእኛ የሚመጣው መልእክት «ሥራ እንደተለመደው» ነበር።

የመጋዘን ሠራተኛችን ቤቱ ባሕሪ ነበር። የማክ ኒምርና የጥቁር ዓባይ ድልድዮች ሲዘጉ፣ አማራት ወዳለው ቢሮ ለመድረስ የነበረው አማራጭ በምሥራቅ በኩል ዞሮ በሶባ ድልድይ መሻገር ነው። በሰላም ቀን ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስድበት ነበር፤ የሚቃጠል ጎማ ያለበትን መንገድ በእግር እያለፈ፣ አስለቃሽ ጭስ በበረታበት በሰው ግቢ እየተጠለለ ማለት ነው። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ቀን ስላረፈደ የሁለት ቀን ደመወዙ ተቆርጧል። ቅጣቱን በደመወዝ ሰንጠረዡ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ትእዛዙ በእጄ ስላለፈ ቁጥሩን አልረሳውም።

ስለ ደመወዙ ራሱ ጥቂት ልበል፤ የሒሳብ ሰው ነኝና። በውላችን ላይ ደመወዛችን በዶላር ተጽፎ፣ የሚከፈለን ግን በሱዳን ፓውንድ፣ በመንግሥት የባንክ ምንዛሪ ተሰልቶ ነበር። የመንግሥቱ ምንዛሪ ለአንድ ዶላር 55 ፓውንድ በነበረበት ጊዜ፣ በውል 300 ዶላር የተጻፈለት ሰው 16,500 ፓውንድ ይቀበል ነበር፤ በገበያ ግን ዶላሩ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚወደድ መሆኑን ሻይ የምታፈላውም ታውቀዋለች። የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የአንድ ዶላርን ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ሲያደርሰው፣ እነሆ ውላችን ሊከበር ነው ብለን ተደስተን ነበር። በሳምንቱ ከዋና መሥሪያ ቤት የመጣው መመሪያ የሦስተኛው ዓምድ ሠራተኞች ደመወዝ «ቀደም ሲል በሚከፈለው የፓውንድ መጠን» እንዲጸና አዘዘ። ያ 16,500 ፓውንድ በአዲሱ ምንዛሪ 44 ዶላር ነበር። ኋላ በየጊዜው የተደረገው ጭማሪ ቢደማመርም በውል ከተጻፈው ግማሽ አልደረሰም። ቤተሰብ የምንረዳ ሰዎች ነን፤ ወደ አገር ቤት የምንልከው ደግሞ በገበያው ምንዛሪ ነበር።

ከሻ የሚሉትን ነገርም ማንሣት አለብን። በካርቱም የኖረ ሐበሻ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል፤ ፖሊስ በድንገት መንገድ ዘግቶ ወይም ቤት ለቤት ዞሮ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለውን የውጭ ዜጋ የሚያፍስበት ዘመቻ ነው። ከተማው በታወከ ቁጥር፣ በተለይም በ2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሱዳን በሚወዛገቡበት በአል ፋሽቃ ድንበር ላይ ውጥረት በነገሠበት ጊዜ፣ ከሻ ይበዛ ነበር። የሥራ ውላችን ፓስፖርታችንን ለኢቃማ እድሳት ለድርጅቱ እንድናስረክብ ያስገድዳል፤ እድሳቱ ሲያልቅም ፓስፖርቱ «ለጥንቃቄ» ተብሎ በቢሮው ካዝና ይቀመጣል። ሾፌራችን በድርጅቱ መኪና፣ የድርጅቱን ዕቃ ጭኖ እያለ፣ ኢቃማው እድሳት ላይ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ስላልያዘ ተይዞ ሁለት ሌሊት ታስሯል። ወረቀቱን መስጠት የነበረበት አስተዳደር ክፍሉ ነው። በተፈታ ጊዜ የከፈለው መቀጫ አልተተካለትም፤ የቀረበት ሁለት ቀንም ከዓመት ፈቃዱ ተቀንሷል። የመጀመሪያው ዓምድ ሠራተኞች ፓስፖርት በየራሳቸው እጅ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ክቡራን የቦርድ አባላት፣ እስከዚህ ያለው በሥራ ቦታ የሚያጋጥም አድልዎ ነው ሊባል ይችል ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ወታደሮቹና ሲቪሎቹ የማዕቀፍ ስምምነት ከፈረሙ በኋላ በጦሩና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ያለው አለመግባባት በአደባባይ ይነገር ጀመር። ጥር ላይ የቅርንጫፉ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ተሻሽሎ ሲመጣ፣ አትሜ እንድጠርዝ የተሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ከዕቅዱ ውስጥ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ ሥር «ከአገር ማስወጣት፣ መጓጓዣ፣ ማረፊያ፣ ሙሉ ደመወዝ» ይላል። በሁለተኛው ሥር «የሦስት ወር ቅድመ ክፍያ፣ ወደ ሌላ ክፍለ አገር ማዛወሪያ አበል» ይላል። በሦስተኛው ዓምድ ሥር የተጻፈው ሁለት ቃል ነው፦ «እንደ ሁኔታው»። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የቅርንጫፉን ኃላፊ ጠየቅሁ። «ጊዜው ሲደርስ ይታያል» አሉኝ። ጠርዤ መለስሁላቸው።

ጊዜው የደረሰው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ቅዳም ስዑር ነበር። ደይም ሠፈር በምንከራየው ቤት ሁለቱ ሴቶች ከሌሊት ጀምረው ለበዓሉ ሽንኩርት እየከተፉ፣ እኛም ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላችንን አጥበን አስጥተን ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ ሰልፍ መስሎን ነበር፤ በአራት ዓመት የተኩስ ድምፅ ለምደናል። ከዚያ የጦር አውሮፕላን በቤቱ ላይ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጥቁር ጭስም ተነሣ። በዚያ ሌሊት ክርስቶስ ተንሥአ የተባባልነው በመተላለፊያው ላይ፣ ከመስኮት ርቀን፣ መሬት ላይ ተቀምጠን ነው። ዶሮው በማግስቱም አልተሠራም፤ ውኃው በዚያው ሰሞን ጠፍቶ ነበር።

በሠራተኞች የዋትስአፕ ግሩፕ የመጣው የመጀመሪያ መልእክት «ሁሉም ባለበት ይቆይ» የሚል ነበር፤ ትክክለኛ መመሪያ ስለነበር ተቀበልነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ደኅና መሆናችንን እንድንጽፍ ተጠየቅን፤ መብራት በመጣ ቁጥር ስልክ እየሞላን ጻፍን። ሚያዝያ 14 እና 15 ቀን ኤምባሲዎች ዲፕሎማቶቻቸውን በአየርና በየብስ ሲያወጡ፣ እኛም መመሪያ እየጠበቅን ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን እኩለ ቀን ላይ በግሩፑ ውስጥ አንድ ግራጫ መስመር ታየ፤ የቅርንጫፉ ኃላፊ ከግሩፑ መውጣታቸውን የሚገልጽ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የአስተዳደር ኃላፊው ወጡ። ከዚያም አንድ በአንድ፣ የመጀመሪያው ዓምድ ሠራተኞች ሁሉ ወጡ። እኛ ቤት ውስጥ ሆነን ሁላችንም አንዲት ስልክ ላይ አፍጥጠን፣ ስሞቹ እየተቀነሱ ሲሄዱ አየን። በኋላ እንደ ሰማነው በዚያ ሰዓት ወደ ፖርት ሱዳን በሚሄድ ጉዞ ላይ ነበሩ። መውጣታቸው አላስከፋንም፤ ከዚያ ከተማ የወጣ ሰው ሁሉ እንኳን ወጣ። ያስከፋን አንድም ቃል ሳይጽፉ፣ ካዝናውንም ቆልፈው መሄዳቸው ነው።

በዚያ ካዝና ውስጥ የሰባታችን ፓስፖርት ነበር። ከደይም እስከ አማራት ቢሮ ድረስ በሰላም ቀን በእግር የሚኬድ ነው፤ አንዳንዶቻችን በየዕለቱ ስንሄደው ኖረናል። በዚያ ሳምንት ግን በመካከሉ ያሉት መንገዶች የታጠቁ ሰዎች ኬላ የጣሉባቸውና ከጣሪያ የሚተኮስባቸው ነበሩ። የካዝናው ቁልፎች ሁለት ናቸው፦ አንዱ በቅርንጫፉ ኃላፊ፣ ሌላው በአስተዳደር ኃላፊው ኪስ። የቢሮው ዘበኛ፣ ሱዳናዊ አዛውንት፣ ግቢውን ሳይለቅ ቆይቶ በስልክ ሲያነጋግረን «ብረቱ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ በመዶሻ ሞክሬ እንቢ አለኝ» ብሎናል። ግዴታው አልነበረም፤ ቢሆንም ሞክሯል።

የጄኔሬተር ቴክኒሻናችን ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ሚያዝያ 9 ቀን በስልክ ተደውሎ፣ በቢሮው ያሉት የመገናኛ መሣሪያዎች እንዳይጠፉ ጄኔሬተሩን ለማስነሣት ግቢው ውስጥ እንዲቆይ ታዘዘ። በጽሑፍ ይሰጠኝ ቢል፣ በግል ቁጥሩ አጭር መልእክት ተላከለት፤ መልእክቱ አሁንም በስልኩ ላይ አለ። ናፍጣው እስኪያልቅ ስድስት ቀን ከዘበኛው ጋር ቆየ። ያዘዙት ሰዎች ከከተማ ሲወጡ አልነገሩትም፤ በማግስቱ ሪፖርት ሊያደርግ ሲደውል ስልካቸው ዝግ ነበር። ሚያዝያ 17 ቀን የታጠቁ ሰዎች ግቢውን ሰብረው ገብተው ሦስቱን መኪኖች ወሰዱ፤ እሱንም ቁልፍ አምጣ እያሉ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ደበደቡት። ዛሬም የግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ድርጅቱ ስለ መኪኖቹ የኢንሹራንስ ጥያቄ ሲያቀርብ እሱን በምስክርነት ጠርቶ ቃሉን በቪዲዮ ተቀብሏል፤ ስለ ጆሮው ግን የጠየቀው የለም።

ከካርቱም የወጣነው ሚያዝያ 19 ቀን፣ ገንዘብ አዋጥተን በተከራየነው ሚኒባስ ነው። ባንኮች ዝግ ነበሩ፤ በስልክ ገንዘብ የሚተላለፍበት ባንካክም አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም፤ የመኪናው ዋጋ ደግሞ በሰዓት ልዩነት ይጨምር ነበር። የአንዲቷ ባልደረባችን የጋብቻ ቀለበትና የሁለት ሰው ስልክ የጉዞው ክፍያ አካል ሆነዋል። በዋድ መደኒና በገዳሪፍ አድርገን፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ጋላባት ስንደርስ፣ ፓስፖርት የያዝነው አራታችን በዚያው ቀን ተሻገርን። ሰባቱ ግን በስልካቸው ካለው የፓስፖርት ፎቶግራፍ በቀር ምንም ስላልነበራቸው በዚያ ሙቀት፣ ከላይ ሸራ እንኳ በሌለበት ሜዳ፣ ሦስት ቀን ቆይተዋል። ከሰባቱ አንዷ የአራት ዓመት ልጅ ይዛ ነበር። ድርጅቱ የእነዚህ ሰዎች ቀጣሪ መሆኑን የሚገልጽ የአንድ ገጽ ደብዳቤ በኢሜይል እንዲልክልን ከመተማ ሆነን ደጋግመን ጠየቅን። ደብዳቤው የመጣው ሁላችንም ከተሻገርን ከ11 ቀን በኋላ ነው።

ከዚያ የተከተለውን ባጭሩ እናገራለሁ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የሥራ ውላችን «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ከሚያዝያ 7 ቀን ጀምሮ እንደተቋረጠ ተነገረን። ይህ ማለት ቴክኒሻናችን ጄኔሬተሩን ሲጠብቅ የቆየበት ጊዜ በድርጅቱ መዝገብ የሥራ ጊዜ አይደለም። የመጀመሪያው ዓምድ ሠራተኞች በየአገራቸው ሆነው ለስድስት ወር ደመወዛቸውን አግኝተዋል፤ ለሁለተኛው ዓምድም የሦስት ወሩ ክፍያ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ደርሷል። ለእኛ የተከፈለን የሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀናት ደመወዝ ነው።

ምናልባት «ኢትዮጵያ ጎረቤት ናት፣ በየብስ መውጣት ይችሉ ነበር» የሚል ሐሳብ ይቀርብ ይሆናል፤ ይህ ነገር በእናንተ ዘንድ ሲነገር እንደነበረም ሰምተናል። መውጣት ስለቻልንማ ይህን እንጽፋለን። ነገር ግን ፓስፖርት ተቆልፎበት፣ ባለበት እንዲቆይ ታዝዞ፣ ደመወዙ በባንክ ተይዞ ያለ ሰው ድንበሩ ቅርብ ነው ቢባል ምን ይጠቅመዋል? ደግሞም ፖርት ሱዳን ከመተማ ሩቅ ናት። አሁን እንድንመለስበት የምትጠሩን ከተማ ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ አውሮፕላን ማረፊያዋና የነዳጅ ማከማቻዋ በድሮን የተመታ ከተማ መሆኗን እናንተም በዜና ሰምታችኋል። እዚያ የሚከፈተው ቢሮ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እንደሚኖረው አንጠራጠርም። የሦስተኛው ዓምድ ሣጥን ውስጥ ምን እንደተጻፈ ግን ሳናይ አንሄድም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ በፖርት ሱዳን ለሚቀጠር ማንኛውም የውጭ ዜጋ፣ የትም ይቀጠር የት፣ በአደጋ ጊዜ ከአገር የማስወጣት ግዴታ በውሉ ውስጥ በግልጽ ቃል እንዲጻፍ፤ «እንደ ሁኔታው» የሚለውም ከዕቅዱ እንዲወጣ።

ፓስፖርት ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ከሚያስፈልግበት ቀን በላይ በድርጅቱ እጅ እንዳይቆይ፣ በቆየበት ጊዜም ባለቤቱ ማስረጃ ወረቀት በእጁ እንዲኖረው። በካርቱም ካዝና የቀሩት ሰባት ፓስፖርቶች ያሉበት ሁኔታ ተጣርቶ በጽሑፍ እንዲነገረን፤ ለአዲስ ፓስፖርት ያወጡት ወጪም እንዲተካላቸው። ከተማው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በጦሩ እጅ ከተመለሰ በኋላ ከድርጅቱ ሰው ቢሮውን ሄዶ ያየ መሆኑን ሰምተናል፤ ያየውን ይንገረን።

የጄኔሬተር ቴክኒሻናችን እስከ ሚያዝያ 17 ቀን ድረስ በሥራ ላይ እንደነበረ በመዝገብ እንዲስተካከል፣ የደረሰበትም ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ የሕክምና ወጪውና ካሣው እንዲከፈል። መልእክቱንና የሐኪም ወረቀቱን በተጠየቅንበት ሰዓት እናቀርባለን።

ለሁለተኛው ዓምድ የተከፈለው የሦስት ወር ክፍያ ለእኛም እንዲከፈል፤ ከየካቲት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በውል በተጻፈው ዶላርና በተከፈለን ፓውንድ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በገለልተኛ የሒሳብ ባለሙያ እንዲሰላ። የየወሩን ሰንጠረዥ ቅጂ እኔ ዘንድ ታገኛላችሁ።

በመጨረሻም፣ የ15 ቀኑ ገደብ ይህ ደብዳቤ መልስ እስኪያገኝ ድረስ እንዲራዘም፣ መልሱም በእናንተ በቦርዱ ፊርማ እንዲሆን እንጠይቃለን። ለአዛውንቱ ዘበኛም፣ ስሙን በመዝገባችሁ ታገኙታላችሁ፣ ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደመወዝ እንዳልደረሰው ነግሮናል፤ የእሱን ጉዳይ ከእኛ አስቀድማችሁ ብታዩት አንቀየምም።

ከአክብሮት ጋር፣

በካርቱም ቅርንጫፍ ሲሠሩ የነበሩ 11 ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተወካይ፣
የቅርንጫፉ የቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛ